ቋሚ ብዬ የፈረምኩ ለት

ከአገሬ በወጣሁበት ቀን ዋዜማ ማታ ወንድሜ ሃንዳሞ ቆጮ ቆርሶ ሰጠኝ፤ ፊቴን ግን አላየኝም። የእንሰት ቅጠሉን እያየ ነው ያወራኝ። «ሦስት ዓመት ነው፤ ሦስት ዓመት ደግሞ ምን አላት» አለ። እኔም «ምንም የላትም» አልኩት። ሁለታችንም መዋሸት አንችልበትም፤ ስለዚህ ዝም ብለን በላን።

ይህን የምጽፈው ከምባታ ላላችሁት ዘመዶቼና እንደኔ በጭነት መኪና ተጭናችሁ ሰው አገር ለወረዳችሁት ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ያውም ሚስት ካገባሁ በኋላ። ቃሉ ቢጣመም እናንተ አቅኑት። ነገሩ ግን እንደሆነው ነው የማወራው።

የወጣሁት መሬት አንሶን ነው። አባታችን ለሁለታችን ያካፈለን እርሻ እንዲህ ነው፤ አንዳችን ስናርስ የበሬው ጭራ የሌላውን አጥር ይመታል። ሃንዳሞ ስድስት ልጆች አሉት። ለኔ ልጅ አላደገልኝም። ባለቤቴ አማረች ከመውጣቴ ዓመት ቀደም ብላ ሞተችና ከቤቱ በታች፣ እንሰቱ ውስጥ ቀበርኳት። የመንግሥት ሰዎች መጥተው «ካፋ ሰፈራ አለ፣ መሬቱ ሰፊ ነው፣ ካልተስማማችሁ እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ትመለሳላችሁ፣ ይዞታችሁንም ማንም አይነካውም» ሲሉ እጄን አወጣሁ። ሦስት ዓመት የወንድሜ ልጆች ከኔም መሬት ይብሉ፤ ከዚያ ተመልሼ ስሞት ከአማረች አጠገብ ይቀብሩኛል ብዬ ነው። ሐሳቤ ይኸው ነበር፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ሁለት ቀን ተጓዝን። መኪናው ላይ ከጎኔ የተቀመጠው ኤርሲዶ የሚባል የሰፈራችን ሰው ነበር፣ ከሚስቱና ከአንዲት ዶሮ ጋር። የጎጀብን ወንዝ ስንሻገር ዶሮዋ እንቁላል ጣለች። ኤርሲዶ እንቁላሉን ከፍ አድርጎ «ይቺ ሰፈረች፤ እኛ ቀረን» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ቦንጋ ስንደርስ ዝናብ ተቀበለን፤ ከዚያም አልፈን ከዋጫ ከተማ ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ ጫካ ዳር አወረዱን። ዝናቡ እዚያም ቀድሞን ደርሷል።

አገሩን አልሰድብም። መሬቱ ጥቁር ነው፣ የዘሩበትን ያበቅላል። ግን እኛ አገር ሰው ይበዛል ዛፍ ያንሳል፤ እዚህ ዛፉ በዝቶ ሰው አንሷል። ጎረቤትህ ሲያስል ትሰማለህ እንጂ ጢሱን አታይም። ቡናውን «ቡኖ» ይሉታል፤ ከጓሮህ ሳይሆን ከጫካ ትለቅማለህ። እነሱም እንደኛ እንሰት ይተክላሉ፣ ቆጮም ይበላሉ፤ መጀመሪያ ሳየው ልቤ ዘለለ። ስቀምሰው ግን ሌላ ነው። መጥፎ አይደለም። የሌላ ሰው ቤት፣ የሌላ ሰው ቤት ይሸታል።

የመጀመሪያውን ፍም የሰጠችኝ እትዬ አስካለ ናት፤ የአገሩ ተወላጅ፣ ባሏ የሞተባት፣ እርሻዋ ከኔ ጋር የሚዋሰን ሴት። አማርኛዋ እንደኔው የተሰባበረ ነው፤ ለዚህ ነው የተግባባነው። ሹም ፊት ካልሆነ በቀር «እርስዎ» ማለት ለሁለታችንም አይሆንልንም፤ አንተ አንቺ እንባባላለን።

ሦስተኛው ዓመት ሲጋመስ ወደ ቀበሌ ሄድኩ። ለመመለስ መሸኛ ያስፈልጋል፤ መሸኛ የሌለውን ሰው አገሩ ያለው ቀበሌ አይቀበለውም። ሊቀመንበሩ አቶ አሰፋ ጎበዝ ሰው ነው፣ ፈገግታ አያልቅበትም።

«መሸኛ? አሁን ምርጫ ደርሶ?» አለኝ። «ጋሽ ሎምባሞ፣ ሰው እየቀነስኩ ሪፖርት ላቅርብ?»

«ሦስት ዓመቱ ሰኔ ላይ ያልቃል።»

«ምርጫው ከሰኔ በፊት ነው። ይልቅ አምስት ሰው ይያዙልኝ። እርስዎን የሰፈራው ሰው ይሰማዎታል። አምስቱን ቀስቅሰው፣ አስመዝግበው፣ በጠዋት አስመርጠው ያስረክቡኝ፤ በማግስቱ መሸኛዎን ይወስዳሉ።»

በሕይወቴ ፓርቲ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ግን አምስት ሰው ነው፤ አምስት ሰውማ ለደቦም እጠራለሁ አልኩ።

ምዝገባው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነበር። መዝጋቢው ልጅ «ቋሚ ነዋሪ ነዎት ጊዜያዊ?» ብሎ ጠየቀኝ። አቶ አሰፋ ከኋላዬ ቆሟል። «ቋሚ ይበሉ፤ ጊዜያዊ ካሉ ካርድ አያገኙም» አለኝ። ኤርሲዶ እጅጌዬን ሳብ አደረገና በእኛ ቋንቋ «አንተ ሰውዬ፣ እኔ አልመለስም፤ ቋሚ ብል ምንም አይጎድለኝም። አንተ ግን ትሄዳለህ። ቆይ እስቲ አስብ» አለኝ። እኔ «ቃል ነው፤ ቃል መሬት አይበላም» ብዬ እጅጌዬን አስለቀቅሁ። ልጁ የቀለሙን ሳጥን ሲያቀርብልኝም ተቆጣሁ። ጣት አላስነካም፣ እፈርማለሁ አልኩት። ሙሉ ስሜን፣ የአባቴንም ጨምሬ፣ አንድም ፊደል ሳላጎድል ጻፍኩ። ልጁ «ጥሩ ጽሕፈት ነው» አለኝ። እስከ ቤቴ ድረስ ደስ እያለኝ ነው የሄድኩት።

ከዚያ ስብሰባ ሆነ። በየሳምንቱ ሁለት ቀን፣ ዘር በሚዘራበት ወቅት። አቶ አሰፋ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ክብ ሠራ፣ ከሥሩ አምስት ትንንሽ ክብ። ትልቁ ክብ እኔ ነኝ።

«አምስታችሁን ይዛችሁ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ትጨርሳላችሁ» አለ። «ቀድሞ የጨረሰ ቀበሌ በወረዳው ይመሰገናል።»

እኔ ተነሣሁ። «ምርጫው እስከ ማታ ክፍት ነው ተብሏል። ረፋዱ ላይ የመጣ ሰው ድምፁ ይጎድላል?»

«ድምፁ አይጎድልም ጋሽ ሎምባሞ። አመለካከቱ ይጎድላል።»

ተቀመጥኩ። ኤርሲዶ ጆሮዬ ላይ «የኔ ድሮም ጎደሎ ነው፤ ማታ ልምጣ?» አለኝ። በክርኔ ወጋሁት።

አምስቶቼ ኤርሲዶና ሚስቱ፣ እትዬ አስካለ፣ ወንድሟ፣ እንዲሁም ጆሮው የማይሰማ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሽማግሌው አላስቸገረኝም፤ የምርጫ ካርዱን አሳይቼው ፀሐይ መውጫውን ጠቆምኩት፣ ራሱን ነቀነቀ። ያስቸገረችኝ አስካለ ናት።

«ጎህ ሲቀድ እንወጣለን» አልኳት።

«ዝንጀሮውስ?»

«ዝንጀሮው ምን ሆነ?»

«እሱም ጎህ ሲቀድ ነው የሚወርደው። በቆሎ ዘርቻለሁ፣ ገና አልበቀለም። እኔ ሰልፍ ስቆም እሱ ይቆፍራል።» ማጭዷን አስቀመጠች። «እሱንም ጨምረህ አስመዝግበው።»

«እሱ እንዴት ይመዘገባል?»

«ለምን? ካንተ ይልቅ እሱ አይደለም ቋሚው?»

ረፋዱ ላይ ብትመጣ ምን እንደሚባል ነገርኳት። አልገባትም፤ ለራሴም አልገባኝም ነበርና እንዴት ላስረዳት። መጨረሻ ላይ እውነቱን ነገርኳት። መሸኛውን፣ ሰኔን፣ እንሰቱ ውስጥ ያለችውን።

«ለሚስትህ ነው?» አለች።

«ለአማረች ነው።»

ማጭዷን መልሳ አነሣች። «ለነሱ ብትለኝ አልመጣም ነበር። እሺ፣ እመጣለሁ» አለች።

የምርጫው ቀን ሲነጋጋ አምስቱንም ይዤ ወረድኩ። እየዘነበ ነበር፤ ሴቶቹ የእንሰት ቅጠል ጭንቅላታቸው ላይ ደፍተዋል። ሌሎቹም ባለ አምስቶች ሰዎቻቸውን እየነዱ ከየጫካው ጥግ ይወጣሉ። ማንም አያወራም። ሰልፉ ሲታይ ለቀብር የመጣ ይመስላል፤ አስከሬኑ ብቻ የለም። አቶ አሰፋ ጃንጥላ ይዞ ሰዓቱን ያያል፣ ይስቃል፣ «ፍጠኑ ወገኖቼ» ይላል። አስካለ ሰልፉ ውስጥ ሆና ፊቷን ወደ ኋላ፣ ወደ እርሻዋ አዙራለች። አንዴ ከዚያ በኩል የሆነ ድምፅ ሰማንና አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሁላችንም ወረቀቱን ኮሮጆው ውስጥ ከተን ጨረስን። ተጨበጨበ። ከዚያ ወዲያ ታዛቢዎቹ ከባዶው ክፍል ጋር እስከ ማታ ተቀመጡ።

ከአስካለ ጋር ወደ እርሻዋ ወጣን። ዝንጀሮዎቹ ሄደዋል። የግብርና ሠራተኛው እንዳስተማራት በመስመር ነበር የዘራችው፤ እነሱም መስመሩን ተከትለው ቆፍረዋል። ከዳር እስከ ዳር ጉድጓድ፣ ጉድጓድ፣ ጉድጓድ፤ አንድም አልሳቱም። አስካለ አልጮኸችም። አንዱን ጉድጓድ በእግሯ መለሰችውና «እነሱም ከሁለት ሰዓት በፊት ጨርሰዋል» አለች። ሳቅ የጀመረች መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ከቀረኝ ዘር ግማሹን ወስጄ ሰጠኋት። ተቀበለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቀበሌ ሄድኩ።

«የምን መሸኛ?» አለ አቶ አሰፋ።

«የተነጋገርነው።»

መዝገቡን አወጣ፣ ገለጠ፣ ወደኔ አዞረው። «እርስዎ እኮ ቋሚ ነዋሪ ነዎት። ይኸው ፊርማዎ። ቋሚውን ጊዜያዊ ሰፋሪ ነው ብዬ ልሸኝ?»

«ቋሚ ይበሉ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«ጊዜያዊ ቢሉ መምረጥ አይችሉም ነበራ።»

«አልመርጥም ነበራ።»

«ታዲያ አምስቱን በምን ይመሩ ነበር?»

«አልመራም ነበራ።»

«ታዲያ መሸኛውን እኔ በምን እሰጥዎ ነበር?» አለና እጁን ዘረጋ፤ እውነት መልሱን ከኔ የሚጠብቅ ይመስላል። ክፋት ፊቱ ላይ የለም። ክፉ ቢሆን በዱላ እለው ነበር። «የዘመድ ጥየቃ ልጻፍልዎ፤ አሥራ አምስት ቀን» አለኝ። እምቢ ብዬ ወጣሁ። በራሴ አጥር ውስጥ አሥራ አምስት ቀን የሚፈቀድልኝ እኔ ማን ነኝ?

ቦንጋ ሄጄ አመለክታለሁ አልኩ። ዋጫ ድረስ በእግር፣ ከዚያ በሚኒባስ። ቢሮው ውስጥ ያገኘኋት ከመሐል አገር ተመድባ የመጣች ወጣት ሴት ናት፤ ተነሥታ ወንበሯን ሰጠችኝ። አገር ካየሁ ጀምሮ ቢሮ ውስጥ ወንበር የተሰጠኝ ያኔ ነው። የምርጫ ካርዴን አየች፣ አንድ ወፍራም ፋይል አገላበጠች፣ ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«አባቴ፣ ቋሚ ብለው የተመዘገቡት ሰፋሪዎች ሊስት ወደየመጡበት ወረዳ ተልኳል። ይዞታው ለሌላ እንዲተላለፍ። ኦልሬዲ ሄዷል።»

«መቼ ነው የሄደው?»

ቀኑን አየችና አቀረቀረች። «ምዝገባው እንዳለቀ።»

በልቤ አሰብኩት። ወረቀቱ የሄደው ከምርጫው በፊት ነው። ያን ሁሉ ስብሰባ ስቀመጥ፣ አስካለን ስለምን፣ በዝናብ ውስጥ ሰው ስነዳ፣ የምነዳለት ነገር አስቀድሞ አልቆ ነበር።

«ማመልከቻ ልጻፍልዎ?» አለችኝ።

«ጽሕፈቱን እኔም እችላለሁ» አልኳት። አላጻፍኩም። መፈረም ነው ያመጣብኝ፤ አሁን ደግሞ የት ልፈርም?

የገበያ ቀን ነበር፤ በገበያ ቀን ሃንዳሞ እኛ አገር ዱራሜ ከተማ ካለ አንድ ባለሱቅ ዘንድ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ቦንጋ ገበያው አጠገብ ስልክ ከሚያስደውል ሱቅ ገባሁ። ደወልኩ፤ የዱራሜው ባለሱቅ ጠራልኝ።

«ሃንዳሞ።»

«ወንድሜ። ደኅና ነህ?»

«ዝርዝር መጥቷል?»

 ከኋላው የእኛን ቋንቋ የሚያወሩ፣ የሚከራከሩ፣ ቅቤ የሚያስለኩ ሰዎች ይሰሙኛል። ያ ድምፅ ሳይቋረጥ እዚያው ቢቆይልኝ ለኔ ይበቃኝ ነበር።

«መጣ» አለ። «ስምህ በስብሰባ ላይ ተነበበ። ቋሚ ሆኗል ተባለ። እኔም መሬቱ ተስማምቶት ነው ብዬ... ባዳ ሊወስደው ነበር። ለታደሰ አስጻፍነው፣ ለልጄ። ከባዳ ይሻላል ብዬ ነው።»

«ታደሰ በምን አገኘው?»

«እሱም እዚህ አምስት ሰው ይመራል።»

ታደሰን በጀርባዬ አዝዬዋለሁ። ልዘን ወይስ ደስ ይበለኝ? እስከ ዛሬ አልወሰንኩም። «የአማረች ቦታስ?» አልኩት።

«አጥረነዋል። ማንም አይረግጠውም።» ቀጥሎ «መጥተህ ታያለህ። ና፣ ቤት ያፈራውን ትበላለህ፤ እንግዳ አይደለህም» አለኝ።

እንግዳ አይደለህም የሚባለው ለእንግዳ ነው። ለቤት ሰው ማንም እንዲህ ብሎ አያውቅም። እሱም ካለው በኋላ የሰማው መሰለኝ፤ ሁለታችንም እንደዚያ ማታ ዝም አልን።

«እዚያ ዝናቡ እንዴት ነው?» አለ በመጨረሻ።

የሱቁ ቆርቆሮ ላይ እየወረደ ነበር። ራሱ ይስማው ብዬ የስልኩን ቀፎ ወደ በሩ አዞርኩለት።