ዓሣው ለምን በረዶ አይሆንም?

ሰው ሁሉ «እትዬ ጨው» ነው የሚላት። የሙዚየሙ ዘበኛ እንደዚያ ይላታል፣ ትኬት ቆራጯ እንደዚያ ትላታለች፤ መንገድ ላይ የማታውቃቸው ልጆች እንኳ «ያቻትና! እትዬ ጨው!» እያሉ ይጠቋቆሙባታል። እሷም ጥርሷን ብልጭ አድርጋላቸው ታልፋለች። የሆዷን ግን ሆዷ ያውቀዋል።

ነገሩ የጀመረው ከአሥር ዓመት በፊት ነው። ያኔ የሳይንስ ሙዚየሙ ምድር ቤት ውስጥ ናሙና ጠባቂ ነበረች። ጠርሙስ ውስጥ የተቀመጡትን ዓሦች አልኮላቸውን ትቀይራለች፣ ስማቸውን በወረቀት ጽፋ ትለጥፋለች፤ ከሰው ጋር እምብዛም አታወራም፣ ደስ ብሏትም ነበር። አንድ ቅዳሜ ስለ ዋልታ ዓሦች ለሕዝብ የሚያስረዳው ባለሙያ ድምፁ ተዘጋ። ኃላፊው ደረጃውን እየሮጠ ወርዶ «ዓሦቹን ካንቺ በላይ የሚያውቃቸው የለም፤ ነይ፣ ለዛሬ ብቻ» ብሎ ማይክሮፎን አስጨበጣት። ለዛሬ ብቻ! ይኸው አሥር ዓመት።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ፊት ለፊት የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡና «ልጄ፣ ላዩ ላይ በረዶ እንዲያ ተጋግሮ፣ ታች ያለው ዓሣ እሱስ ለምን በረዶ አይሆንም?» አሏት። የምታውቀው ሁሉ ከጭንቅላቷ ብን ብሎ ጠፋ። አፏ እንዳመጣላት «ደሙ ጨው ስላለው ነዋ! ውሃ ጨው ጨምራችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ ብታስገቡት ቶሎ አይረጋም፤ ቤታችሁ ሞክሩት» አለች። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኃላፊው ሁለት ብርጭቆ አዘጋጅቶ ጠበቃት፤ አንዱ ባዶ ውሃ፣ አንዱ ጨው ያለበት፣ ሁለቱም ማቀዝቀዣ ውስጥ ያደሩ። የመጀመሪያውን ብትገለብጠው ጠብ የሚል ነገር የለም፤ ሁለተኛው ዘርገፍ ይላል። ልጆች ይጮኻሉ፣ ወላጆች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጻሉ። ነገሩ ግድግዳ ላይ ተሳለ፤ ከዚያ የእሷ ፎቶ ያለበት ትንሽ መጽሐፍ ሆኖ ታተመና ለየትምህርት ቤቱ ተላከ።

ችግሩ፣ ነገሩ ትክክል አለመሆኑ ነው። ጨው ድርሻ የለውም አይባልም፤ ግን ለዚያ ሁሉ ብርድ የት ይደርሳል? ትልቁን ሥራ የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ ደም ውስጥ ይዞራል፣ ቅንጣት በረዶ ባገኘ ቁጥር ላዩ ላይ ይለጠፍና እንዳያድግ ይይዘዋል። እሷ ደግሞ ይህን ተምራዋለች እኮ! ድንጋጤው ነው ያስረሳት። በማግስቱ ትዝ ሲላት ክው አለች፤ ወደ ኃላፊው ቢሮም ሄደች።

«ተሳስቼ ነው የተናገርኩት፤ ይታረምልኝ» አለችው።

«ፕሮቲን ስትያቸው ሰዉ ምሳው ነው ትዝ የሚለው» አለ ኃላፊው እየሳቀ። «ተይ እንጂ፣ ሕዝብ የወደደውን አትንኪ!»

በዓመቱ ጠየቀችው፤ «መጽሐፉ ሲታተም እናርመዋለን» አላት። መጽሐፉ ታተመ፤ «አሁንማ ታትሟል፣ ምን ይደረግ?» አላት። ምድር ቤት መልሱኝ ስትለው «አንቺ ከሌለሽ ማን ሊመጣ ነው?» አላት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ያለው ማን ነበር? አፉን ይባርከው! ቅዳሜ ባይደርስ ብላ ትመኛለች፤ ቅዳሜ ደግሞ መድረሱ አይቀርም።

እውነቱን የምትናገረው ቤቷ ብቻ ነበር፤ ለአንድ ልጇ፣ ሳህን እያጠቡ። ልጅቷ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ የፈተና ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«የዓሣውን ጥያቄ ፕሮቲን ብዬ ብመልስ መምህራችን ኤክስ አደረገብኝ! ‹እናቴ ናት የነገረችኝ› ስለው መጽሐፉን ገልጦ ያንቺን ፎቶ አሳየኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ፣ እማዬ። በዋናው ፈተናም ይመጣል ብሎናል። ነይና ንገሪው!»

ዋናው ፈተና አንድ ወር ነው የቀረው፤ ልጅቷ የምትመኘው ትምህርት ቤት መግባት አለመግባቷ የሚለየው በእሱ ነው። እናትየዋ ሌሊቱን እንቅልፍ ባይኗ አልዞረም። ለመምህሩ ብቻ ነግሬ ምን ሊረባኝ ነው፣ የዋሸሁት ለሁሉ፣ የምናዘዘው ለአንድ ሰው? አለች። ቆረጠች።

ቅዳሜ መምህሩ ለፈተናው ይጠቅማቸዋል ብሎ ተማሪዎቹን አሰልፎ ወደ ሙዚየሙ መጣ። ልጅቷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። እናትየዋ ብርጭቆዎቹን ሳታወጣ መድረኩ ላይ ቆመች።

«ስሙኝማ፤ አሥር ዓመት ሙሉ የነገርኳችሁ ስህተት ነው።»

ሰዉ ሳቀ፤ አዲስ ቀልድ መሰለው። እሷ ግን ቀጠለች። ስለ ፕሮቲኑ፣ ስለ በረዶ ቅንጣቱ፣ እንዴት እንደሚይዘው፣ አንድ በአንድ አስረዳች። ሳቁ እየከሰመ ሄደ። ይኼኔ መምህሩ ተነሳ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጨዋ ነው፣ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በቀደም ልጅዎ በዚሁ ጥያቄ ነጥብ ጎድሎባታል። የልጅ ነገር አንጀት ይበላል፣ ይገባኛል፤ ግን ሳይንስ ለልጅ ተብሎ ይቀየራል?»

አዳራሹ አጉረመረመ። «ወይ ጉድ!» አለ አንዱ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ «እናት አይደለች እንዴ፣ ምን ታድርግ!» አለች ከንፈሯን እየመጠጠች። ከስድብ ይልቅ ያ ከንፈር መምጠጥ አንገበገባት። አይደለም፣ እውነቴን ነው ልትል ብትሞክር እንባዋ ቀደማት፤ ማልቀሷ ደግሞ ጭራሽ የመምህሩን ነገር አጸናው። ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች።

ኃላፊው ብድግ ብሎ ማይክሮፎኑን ወሰደ። «ዛሬ እትዬ ጨው ትንሽ ደክሟታል፤ አይዞሽ በሏት!» አለና ብርጭቆዎቹን አስመጣ። አንዱን እጇ ላይ አኖረላት። አራት መቶ ዓይን እያያት ነው። እጇ ለምዶታልና ገለበጠችው። ጠብ የሚል አልነበረም። አጨበጨቡላት።

የዋናው ፈተና ቀን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ልጅቷ ከሌሎቹ ጋር ወጣች።

«የዓሣው መጣ?»

«መጣ።»

«ታዲያስ?»

«ጨው አልኩ።»

«እያወቅሽው፣ ልጄ?»

ልጅቷ አልተቆጣችም፤ ምነው በተቆጣች! «አንቺም እኮ እያወቅሽው ነው» አለች፤ ቦርሳዋን አስያዘቻትና መልስ ሊያመሳክሩ ወደተሰበሰቡት ጓደኞቿ ሄደች። እናትየዋ ካለችበት ሆና ትሰማቸዋለች። ሁሉም ጨው ነበር ያሉት፤ ደስ ብሏቸዋል።