ጋሽ ውበቱ በፒካፑ ምርጫ አልተሳሳቱም

በጎንደር ከተማና ከዚያ እስከ ደባርቅ ባለው መንገድ መኪና ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው መካኒኩ ጋሽ ውበቱ፣ ባደረባቸው ሕመም ለወራት በቤታቸው ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ረቡዕ ማለዳ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ቀብራቸውም በማግስቱ ዘመድ ወዳጅ በተገኘበት ተፈጽሟል። ይህን የምጽፍላችሁ ተማሪያቸው የነበርሁት ሙሉቀን ነኝ።

«ዘመድ ወዳጅ በተገኘበት» ያልሁት ለወጉ ነው። ከአስከሬኑ ኋላ የተሰለፈውን መኪና ቆጥሬ አልዘለቅሁትም። በመምህሬ ቀብር ላይ መኪና መቁጠር ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ቆጥሬያለሁ። ከድንች ነጋዴ እስከ ዩኒቨርሲቲ መምህር ያልመጣ አልነበረም። ድንኳኑ ውስጥም አንዱ «ይችን መኪና የመረጡልኝ እሳቸው ናቸው» ሲል ሌላው «የኔንም እኮ» ይላል። አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ ወደ እኔ ዞር ብሎ «አንተም መካኒክ ነህ አሉ፤ እውነት ነው?» አለኝ። ማራኪ ሰፈር ጋራዥ ከከፈትሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በዚያ ሁሉ ለቅሶ መካከል በቅናት ተቃጠልሁ።

ስለ ቅናቴ ሳልናገር ስለ ጋሽ ውበቱ እውነቱን መናገር አልችልም። በስማቸው ላይ አንድ እንከን ቀርቷል፤ ያን እንከን የለጠፍሁባቸው እኔ ነኝ።

ጋሽ ውበቱ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ቱታቸውን በጠራራ ፀሐይ እንኳ እስከ አንገታቸው ይቆልፉት ነበር። ካምቢዮ ፈትቶ መግጠምን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ደንበኛ ሲያወራ አለማቋረጥንም ሊያስተምሩኝ ብዙ ደክመዋል። የራሴን ጋራዥ የከፈትሁት ከሳቸው በር በእግር አምስት ደቂቃ በማይሞላ ቦታ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ያኮርፍ ነበር። እሳቸው ግን በመክፈቻው ቀን መጥተው፣ በሬ ላይ ቆመው መረቁኝ። አለመቀየማቸው እኔን ይበልጥ አናደደኝ። እንደ ተፎካካሪ እንኳ አልቆጠሩኝም ብዬ ስብከነከን ሰነበትሁ።

መኪና ሊገዛ አስቦ የሚያማክራቸው ሰው ሲመጣ ኮፈን አያስከፍቱም። «መኪናው ይቆይና መጀመሪያ መንገድህን አሳየኝ» ይላሉ። ከዚያ በሰውየው የገበያ ቀን፣ የሰውየውን ጭነት አስጭነው፣ በሰውየው መንገድ አብረው ይሄዳሉ። ቁልቁለት ወርደው ሲቆሙ የመዳፋቸውን ጀርባ ወደ ጎማው ቸርኬ አስጠግተው ሙቀቱን ይለካሉ። «ሻጩ የሚለውን ሰማሁ፤ አሁን ደግሞ ፍሬኑን ልጠይቅ» ይሉ ነበር። ለዚህ ሁሉ ድካም ምስጋና እንጂ ሌላ ነገር ሲቀበሉ አላየሁም። ሰዉም በኔ በር እያለፈ ወደ ሳቸው ይሄድ ነበር።

ወይዘሮ አንጓች ከኮሶዬ ድንች እየጫኑ ጎንደር የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ለዓመታት በኪራይ መኪና ሲንገላቱ ኖረው በመጨረሻ የራሳቸውን ሊገዙ ሁለት ያገለገሉ ፒካፖች ቀረቡላቸው። ሁለቱም ትንንሽ፣ ደብል ጋቢና፣ በዕድሜም በዋጋም የሚቀራረቡ ነበሩ። አንደኛው በቤንዚን ብቻ ይሄዳል። ሁለተኛው ሃይብሪድ ነው፤ ከቤንዚን ሞተሩ ጋር በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሞተር አለው። ወይዘሮ አንጓች የትኛውን ልግዛ ብለው በመጀመሪያ የመጡት ወደ እኔ ነበር። በጋሽ ውበቱ በር አልፈው ወደ እኔ! ያን ዕለት ምሳዬን እንኳ በደስታ ረሳሁት።

«እትዬ አንጓች፣ ቤንዚኑን ይግዙ» አልኋቸው። «ሃይብሪድ የከተማ ሰው መጫወቻ ነው። የኛን አገር ዳገት አይችለውም። ባትሪው ቢሞትብዎትስ ማን ይሠራልዎታል?»

ስለ ባትሪው የተናገርሁት ተገቢ ሥጋት ነበር። የቀረው ድፍረት ብቻ ነው፤ እስከዚያ ቀን ሃይብሪድ ከፍቼ አላውቅም።

«ሸጋ ብለሃል፤ ተባረክ» አሉኝ። «እስቲ ደሞ አያ ውበቱንም ላማክር።»

ጋሽ ውበቱ ነገሩን ሲሰሙ «ሙሉቀን ቀድሞ የመከረበት ጉዳይ ነው፤ እሱ ሳይኖር አላይም» ብለው አስጠሩኝ። በገበያው ቀን ሦስታችንም ኮሶዬ ወጣን። ጋሽ ውበቱ ሻጮቹን ለምነው ሁለቱንም ፒካፖች እኩል ድንች አስጫኑ። እሳቸው ሃይብሪዱን፣ እኔ ቤንዚኑን ይዘን ቁልቁል ወደ ጎንደር ወረድን። ከተማው መግቢያ ላይ አስቁመው «እጅህን አስጠጋ» አሉኝ። የኔ ቸርኬ ይለበልባል፤ የፍሬን ሸራው ሽታም አፍንጫ ይሰነፍጣል። የሳቸው ለብ ከማለት አላለፈም። ሃይብሪድ ቁልቁለት ሲወርድ የኤሌክትሪክ ሞተሩ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል፤ ፍሬኑ ያን ያህል አይደክምም።

«አንጓች፣ አንቺ ጭነትሽን ይዘሽ ትወርጃለሽ፣ ባዶሽን ትወጫለሽ» አሉ። «ቁልቁለቱ የሞላልሽ ባትሪ ስትመለሺ ያግዝሻል። ቤንዚን ሰልፍም ላይ ቶሎ ቶሎ አትቆሚም። ላንቺ የሚሆነው ሃይብሪዱ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ እየተመለከቱ «ሙሉቀን የነገረሽም ሐሰት አይደለም። ከአዲ አርቃይ ጭኖ ሽቅብ ወደ ደባርቅ የሚወጣ ነጋዴ ቢሆን እኔም ቤንዚኑን እል ነበር» አሉ።

እኔ ዳገቱን ብቻ አስቤ፣ ጭነቱ በየት በኩል እንደሚሄድ አልጠየቅሁም ነበር። ጋሽ ውበቱ ይህን በሰው ፊት ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር፤ ክብሬን ጠበቁልኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳምንቱን ሙሉ «እሳቸው ማን ስለሆኑ ነው?» ስል ባለቤቴ መስማት ሰለቻት።

ወይዘሮ አንጓች ሃይብሪዱን ገዙ፤ ለወራትም ጋሽ ውበቱን እየመረቁ ሠሩበት። ከዕለታት አንድ ቀን ግን መኪናው የማስጠንቀቂያ መብራት አበራ፣ ጉልበትም አጥቶ እያዘገመ ጎንደር ደረሰ። ጋሽ ውበቱ ታመው ተኝተው ስለነበር ወይዘሮ አንጓች ወደ እኔ መጡ።

የመኪናው ባትሪ አየር የሚስብበት ወንፊት ያለው ቀዳዳ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ወይዘሮ አንጓች ደግሞ ለዘር የሚሆነውን ምርጥ ድንች ከሌላው ጋር ከኋላ አይጭኑትም። ውርጭ እንዳይመታው ብለው ጋቢና ውስጥ ያስገቡታል፣ በላዩም የበግ አጎዛ ደርበው ያለብሱታል። ከረጢቱን ሳነሣ ቀዳዳው በድንች አፈር ተደፍኗል። ባትሪው ታፍኖ ነው የሞቀው። በብሩሽ ጠርጌ አጸዳሁት፤ መብራቱም ጠፋ። «እትዬ፣ እዚህ ላይ ከረጢት አያስቀምጡ» ብል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አላልሁም። ከረጢቱንም አጎዛውንም ወደ ቦታቸው መለስሁና «ነግሬዎት ነበር፤ ሃይብሪድ ለዚህ አገር አይሆንም» አልኋቸው።

ሳምንታት ሳይቆይ መኪናው እንደገና ቆመ፤ እንደገናም ጠረግሁት፤ እንደገናም ዝም አልሁ። ወይዘሮ አንጓች ተስፋ ቆርጠው ፒካፑን ለተገኘ ገዢ ሊሸጡት ተነሡ። «አያ ውበቱ አርጅተዋል፤ የዘመኑን መኪና አያውቁም» የሚል ወሬ ከኮሶዬ ገበያ እስከ ጎንደር ፒያሳ ተናፈሰ። ሰዉም ምክር ፍለጋ ወደ እኔ መምጣት ጀመረ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ያኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ማለዳ ጋሽ ውበቱ ወሬው ደርሷቸው፣ በምርኩዝ እየተደገፉ፣ ወይዘሮ አንጓችን አስከትለው ከነፒካፑ ጋራዤ ገቡ። ደንበኞቼ ሁሉ ሥራቸውን ትተው ከበቧቸው። ጋሽ ውበቱ የኋላውን በር ከፈቱ፣ አጎዛውን ገለጡ፣ ከረጢቱን በዚያ ድካማቸው ራሳቸው ጎትተው አወጡ። ወንፊቱን ነቅለው ወደ ብርሃን አቀኑና ለረጅም ጊዜ አዩት። የብሩሼ አንድ ክር ጥጉ ላይ ተሰክቶ ቀርቶ ነበር። ብሩሹ ደግሞ እሳቸው የሰጡኝ ነው። ክሩን በሁለት ጣታቸው ነቀሉና ቱታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ «አንጓች፣ ይቅር በይኝ» አሉ። «መተንፈሻው ይህ ነው። መኪናውን ስትረከቢ ላሳይሽ ይገባ ነበር፤ አላሳየሁሽም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ኧረ ምን ሲደረግ፣ አያ!» አሉ ወይዘሮ አንጓች ደንግጠው። «የሸፈንሁት እኔ አይደለሁ?»

«አንቺ ዘርሽን ነው የሸፈንሽ» አሉ ጋሽ ውበቱ። ሲወጡ ትከሻዬን ተደግፈው፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ «ሙሉቀን፣ ሸጋ አድርገህ ጠርገኸዋል» አሉኝ።

ፒካፑ ከዚያ ወዲህ ቆሞ አያውቅም። ጋሽ ውበቱ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ከአልጋ አልተነሡም። ልጠይቃቸው ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ልናገር አስቤ ገብቼ፣ «ሥራ እንዴት ነው፣ ልጄ?» ሲሉኝ «ደህና ነው» ብዬ ወጣሁ።

በድንኳኑ ውስጥ አንድ ሰው «መቼም እንደሳቸው ያለ አልነበረም፤ በአንጓች መኪና ብቻ ተሳሳቱ እንጂ» ሲል ሰማሁ። ራሳቸው በአፋቸው ያመኑት ስለሆነ ማንም አልተከራከረም። እኔም አንገቴን ደፋሁ። በማግስቱ ወይዘሮ አንጓች ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ አልተቆጡም። «ምነው ልጄ፣ በቁማቸው ሳሉ ምነው አልተናገርህ?» አሉኝ።

ስለዚህ የምታውቋቸው ሁሉ ይህን እወቁልኝ፦ ምርጫቸው ትክክል ነበር። መተንፈሻውን ማሳየት ቢረሱ እንኳ መኪናው ከአንድ ጊዜ በላይ አይቆምም ነበር፤ ደግሞ ያቆመው፣ ስማቸውንም ያጎደፈው የኔ ዝምታ ነው።

ጋሽ ውበቱ፣ መምህሬ፤ ዕድሜዬን በሙሉ የወሰዱብኝን ስቆጥር ኖርሁ። ደንበኛዬን ወሰዱ፣ ምስጋናዬን ወሰዱ፣ የሰዉን አመኔታ ወሰዱ እል ነበር። አንዱም የኔ አልነበረም። አሁንም እቀናብዎታለሁ፤ እርስዎ ያን ቀን ያደረጉትን እኔ በቦታዎ ብሆን እንደማላደርገው ስለማውቅ እቀናለሁ። በእውነት የኔ ሆኖ የወሰዱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ጥፋቴ ነው። እሱን ዛሬ በሰው ሁሉ ፊት መልሼ ወስጃለሁ። ከእንግዲህ አይሸከሙልኝ፤ ቀልሎዎት ይረፉ።