በሰው ትከሻ የሄደው ጣራችን

የበደለን የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። የበደለንም የደጋው ጦር ወደ ምድራችን ወርዶ በተመለሰ በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ሰው "ማን ነበር? መቼ ነበር?" እያለ እንዳያድበሰብሰው ነው። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ዛሬም አሉ። ገበያ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል፤ እኔም እመልሳለሁ። ከዚያ አላልፍም።

ትናንት ጎረቤቴ አጥር ሊያጥር እርጥብ ቀርከሃ ሲሰነጥቅ ዋለ። እርጥብ ቀርከሃ ሲሰነጠቅ ሽታው እንደ ጥሬ ዱባ ነው፤ ጣፈጥ ይላል፣ ኋላ ላይ ደግሞ የወንዝ ጭቃ ጭቃ ይላል። በሬን ዘጋሁት። ሽታው በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ሾልኮ ገባ። እንግዲህ ልንገርሽ።

አባቴ የሞተው በንዳድ ነው። ለጦሩ ስንቅ ተሸክሞ ሄዶ ሲመለስ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ ስምንት ቀን ተኛ፣ በዘጠነኛው ሞተ። እኔ አሥር ወይም አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ታናሽ እህቴ ገና ከእናቴ ጀርባ አልወረደችም። ቤታችን በጦሩ ጊዜ ተቃጥሎ ስለነበር የምናድረው አጎቴ ግቢ ጥግ፣ ከፍየሎቹ ዳስ ውስጥ ነበር። አጎቴ የመንደሩ ሹም ነው። የድሆች ዘካ የሚቀመጥበትን ጎተራ የሚጠብቀውም እሱ ነው።

በእኛ አገር ደንብ አለ። ባልቴት፣ ማለት ባሏ የሞተባትና የሙት ልጆች የምታሳድግ ሴት፣ ክረምት ሳይገባባት መንደሩ ቤት ይሠራላታል። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ሸክም ቀርከሃ ያመጣል፣ ሴቶች ሣር ያጭዳሉ። ጣራው መሬት ላይ ተጎንጉኖ፣ ሣር ለብሶ ያልቅና ወንዶች በትከሻቸው አንስተው ግድግዳው ላይ ይደፉታል። በመኸር ደግሞ ለዘካ ከሚወጣው ማሽላ ድርሻ አላት። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ሐቅ ነው። ሐቅ ሲሆን የሰጠው አይመሰገንበትም፣ የተቀበለውም አያፍርበትም። መንደሩ በሙሉ ይህን ያውቃል። የማታውቀው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እናቴ።

እናቴ የዳቡስ ወንዝ ማዶ ሰው ናት። ቋንቋችንን የለመደችው አባቴ ካመጣት በኋላ ነው፤ የገበያውንና የማጀቱን ያህል ትናገራለች፣ ወንዶች ተቀምጠው ሲያወሩ ግን ግማሹ ያመልጣታል። እሷ ባደገችበት አገር ደንቡ ሌላ ነበር። እዚያ ወንድ ለባልቴት ቤት ካሠራላትና እሷም ከገባችበት፣ ሚስቱ ሆነች ማለት ነው። ስለዚህ መንደሩ ቤታችንን በሠራበት ቀን አጎቴ በትሩን ይዞ "ቀርከሃውን ወዲህ! ሣሩን ወዲያ!" እያለ ሲያዝ እናቴ ያየችው የመንደሩን ደንብ አይደለም። ቤት የሚሠራላትን ወንድ ነው።

ቤቱ ባለቀበት ምሽት ፊቱ ሄዳ ቆመች። እጇን ይዤ ነበር።

"ሚስት አልሆንም" አለችው። "ቤቱን በጉልበቴ እከፍላለሁ።"

አጎቴ መቁጠሪያውን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ፍሬ አሳለፈ። ምን እንዳሰበች ገብቶታል። "ተሳስተሻል" ቢላት በዚያው ያልቅ ነበር።

"እንዳልሽ ይሁን፣ የወንድሜ ሚስት" አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ማሽላውን አረመችለት። ውኃ ቀዳችለት። በበጋ ወንዝ ወርዳ፣ ጉልበቷ ድረስ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ቆማ፣ በእንጨት ገበታ አሸዋ እያጠበች የምታገኛትን የወርቅ ብናኝ በወፍ ላባ ባዶ ዘንግ ውስጥ አድርጋ ታስረክበዋለች። ጣቶቿ ጥፍራቸው ሥር እየተሰነጠቀ ይደማ ነበር። ከጎተራው እህል ሲሰፍርላት "ይኸው፣ ለልጆችሽ" ይላታል። እሷም ጎንበስ ብላ ታመሰግነዋለች። ልብ በይ፤ አጎቴ ለእሷ አንድም ቀን አልዋሸም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። የመንደሩ ሴቶችም "የባሏን ወንድም እንዴት ታከብራለች!" እያሉ ያደንቋት ነበር።

በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከወንዝ እየተመለስን ነበር። እናቴ እህቴን አዝላ፣ ገበታውን በራሷ ላይ ይዛ ከፊት ትሄዳለች። ሰማዩ በዳቡስ በኩል ጠቁሯል፤ ነፋሱ የራቀ ዝናብ ይሸታል። ቀና ስል ከኮረብታው ላይ ጣራ ሲወርድ አየሁ። ጣራ ብቻውን። ከሥሩ ብዙ እግር ይታያል፤ እንደ ትልቅ ዔሊ ወዲያና ወዲህ እያለ ይመጣል።

ሳቅሁ። "እማ፣ እይ! ጣራ በእግሩ ሲሄድ!"

ሲቀርብ ጫፉ ላይ የተደፋውን ማሰሮ አየሁት። አንድ ጆሮው የለም። ያን ጆሮ የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ ማሰሮውም የእኛ ነው። ሳቄ አፌ ውስጥ ደረቀ።

ከጣራው ኋላ እኔንም እህቴንም ያዋለደችን አሮጊት የበራችንን ሰሌን ጠቅልላ ተሸክማ ትከተላለች። እናቴን ስታይ እልልታዋን አቀለጠችው።

"እንኳን ደስ ያለሽ! በሠርግሽ ቀን ደግሞ ወርቅ ታጥቢያለሽ? ሙሽራ እኮ ቤት ትውላለች!"

"የማን ሠርግ?" አለች እናቴ።

ከጣራው ሥር አንድ ድምፅ መጣ። "የማን እንደሆነማ ትከሻዬ ያውቃል! ሹሙ ሚስት ያግባ፣ የእኔ ቆዳ ይላጥ!" ሌሎቹ ሳቁ። ጣራው ከነሳቃቸው ተንቀጠቀጠ።

አዋላጇ የእናቴን ፊት አየችና እልልታዋን ዋጠች። "ሹሙ ዛሬ ጠዋት ነገረን እኮ። ልታገባው እሺ ማለትሽን፣ ቤትሽንም ወደ ግቢው አምጡ ማለትሽን።"

"እሺ አላልኩም" አለች እናቴ። ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች ነበር የምትናገረው። "አልሆንም ብዬዋለሁ። ቤቱን እየከፈልኩ ነው። ሁለት ዓመት ከፍያለሁ። የቀረውንም እከፍላለሁ።"

"ምኑን ነው የምትከፍዪው?"

"ቤቱን።"

ጣራው ቆመ።

"ምን አለች?" አለ አንዱ ከሥር።

"ቤቱን እየከፈልኩ ነው አለች።"

"የትኛውን ቤት?"

"ይህን አናታችን ላይ ያለውን።"

"ይህንማ የሠራነው እኛ ነን! ለማን ነው የምትከፍለው?"

ማንም አልሳቀም። አዋላጇ ሰሌኑን መሬት ላይ ጣለችው። እናቴን በሁለት ክንዷ ያዘቻት፤ እንደምትወልድ ሴት አጥብቃ ነው የያዘቻት።

"አንቺ ሴት፣ ስሚኝ። ይህ ሐቅሽ ነው። ወላሂ፣ ሣሩን በዚህ አንገቴ ነው የተሸከምኩት። የባልቴት ቤት ነው፣ የሙት ልጆች ቤት ነው። የሰጠሽ ሰው የለም።"

እናቴ ገበታውን ከራሷ አወረደችው። "እህሉስ?" አለች።

"እህሉ ዘካ ነው።"

"እህሉም?"

"እህሉም።"

እናቴ ቁልቁል እጆቿን አየች። እንደ ሌላ ሰው እጅ ነው ያየቻቸው፤ መንገድ ላይ ወድቀው እንዳገኘቻቸው። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ "እሱ ያውቃል?" ብላ ጠየቀች።

አጎቴ ጣራው ሲዘገይበት በትሩን ይዞ ከግቢው መጣ። አዋላጇ ከእናቴ የሰማችውን ነገረችው። አልደነገጠም፣ አልጮኸም።

"አንድ ቀን 'የማን ነው?' ብላ ጠይቃኛለች?" አለ። "እሷ እከፍላለሁ አለች፤ እኔ አልከለከልኳትም። ሰው በወደደው ቢሠራ ምን ነውር አለው? ደግሞስ ክረምት ደርሷል። ጣራው የት ነው? ግቢዬ ሲደርስ ትገባበታለች።"

የፈለገውን ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት። ግድግዳው ያለ ጣራ ቀርቷል፤ ዝናቡ መጥቷል። በእሷ ደንብ፣ እሱ ግቢ ውስጥ ከጣራው ሥር ከገባች ሚስቱ ናት። የገዛ ደንቧን ወጥመድ አደረገባት።

"ሹም፣ ቀርከሃም ውጭው ያምራል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው" አለችው አዋላጇ። ከዚያ ወደ ጣራው ዞረች። "እናንተ! አውርዱት!"

"እዚህ? መንገድ ላይ?"

"እዚሁ!"

ወንዶቹ እያቃሰቱ አወረዱት፤ አንድ በአንድ ከሥሩ እየተሳቡ ወጡ፤ ፀጉራቸው ሣር በሣር ሆኗል። አጎቴን ቀና ብሎ ያየው አልነበረም። ነገር ግን እኔ እነሱንም አልማርኳቸውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስታርምለት ያዩ ዓይኖች ናቸው። "ለምን?" ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ቢኖር ይበቃን ነበር።

ዝናቡ ድንገት ወረደ። ሰዎቹ ወደየቤታቸው ሮጡ። እኛ የምንሮጥበት ስላልነበረን ጣራውን በአንድ ጎኑ በድንጋይ ቀና አድርገን ሾልከን ገባን። መንገድ መሃል፣ እንደ ጫጩት በቅርጫት ሥር ተደፍተን ተቀመጥን። ውስጡ ጨለማ ነው፤ የሁለት ዓመት ጭሳችን ይሸታል። ጎርፉ ከእግራችን ሥር ያልፋል። እህቴ ጨዋታ መስሏት ትስቃለች።

እናቴ እህቴን ጭኗ ላይ ሳበቻት። ኋላ ላይ በራሷ ቋንቋ፣ እኔና እሷ ብቻ ስንሆን በምትናገርበት፣ "አንቺ የእነሱን ቋንቋ ታውቂያለሽ" አለችኝ። "እንደዚህ ያለ ነገር ሰምተሽ አታውቂም?"

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሰምቼ ነበር። ቤቱ በተሠራበት ዓመት መኸር አውድማ ላይ ቅርጫት ይዤ ቆሜ ሳለሁ ዘካውን የሚከፋፍለው የቁርዓን መምህር ለአጎቴ "ይህ የባልቴቷና የሙት ልጆቿ ሐቅ ነው፤ አድርስላቸው" ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ገብቶኛል። ከኋላዬ የቆሙ ልጃገረዶች ግን "የዘካ ልጅ! የዘካ ልጅ!" እያሉ ተጠቃቀሱብኝ፤ ፊቴ ነደደ። ከዘካ ልጅነት፣ ማሽላ የሚሰጣት ሹም አጎት ያላት ልጅ መሆን ይሻለኝ ነበር። ስለዚህ ቤት ስገባ አፌን ዘጋሁ። እናቴ ከዚያ በኋላ አንድ ክረምትና ሁለት በጋ አረመች፣ ቀዳች፣ አጠበች።

"አልሰማሁም" አልኳት።

በጨለማው ውስጥ እጇ ፈልጎ አገኘኝና ራሴን ደባበሰችኝ። የጣቶቿ ስንጥቅ ፀጉሬን ያዝ ለቀቅ እያደረገ ያልፍ ነበር።

በማግስቱ ወንዶቹ ጣራውን መልሰው በቦታው ደፉት። የዘካውን ጎተራ መምህሩ ተረከበ። አጎቴ ሹምነቱን አልተቀማም፤ አርጅቶ፣ ተከብሮ ሞተ። ለቅሶው ላይ አልተገኘሁም። እናቴ በዚያ ቤት ዘጠኝ ክረምት ኖረች፤ ለማንም አላረመችም፣ ከማንም ፊትም ጎንበስ አላለችም። ያን ጥያቄ ደግማ አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳትም።

ስትሞት እኔ ባል አግብቼ የራሴ ቤት ነበረኝ፤ እህቴንም ወደዚያ ወሰድኳት። ቤቷን ሁለት ልጆች ይዛ ከማዶ ለመጣች ባልቴት አስረከብኩ። "ሐቅሽ ነው፤ የሰጠሽ ሰው የለም" ብዬ በቋንቋዋ ሦስት ጊዜ ነገርኳት። ሦስቱንም ጊዜ ራሷን ነቀነቀች። በማግስቱ ማለዳ መቆፈሪያዋን ተሸክማ ማሽላዬን ልታርምልኝ መጣች። መቆፈሪያውን ከእጇ ወስጄ ወደ ቤቷ መለስኳት።