ለናርዶስ ጅምናስቲክ ፍለጋ፦ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ

አሰልጣኝ ታምራት የልጄን የሰናይትን ወገብ ያበላሸው ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በቀበሌ አዳራሽ ውስጥ እግሯን ግራና ቀኝ አስዘርግቶ፣ ደረቷ መሬት እንዲነካ ጀርባዋ ላይ ተቀመጠ። «በቃ» አለች። አልተነሳም። የእሱ ደንብ «በቃ ላለ አሥር ይጨመር» ነበር፤ ልጆቹን በዜማ ያስጮኻቸው ነበር። ሰናይት ዛሬ ሙሉ ጀሪካን አታነሳም። ልጇን ናርዶስን አዝላ አታውቅም። ያዘልኳት እኔ ነኝ።

ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት፣ የጉዞውን ወሬ የሚያነብ ሰው መሃል ላይ ለምን እንደተቆጣሁ እንዳይጠይቀኝ ነው።

ናርዶስ አሁን ስምንት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በእጇ ቆማ የሳሎኑን ግድግዳ በእግሯ ታቆሽሻለች። እናቷ ጅምናስቲክ ትማር አለች። እኔ አልፈለግኩም፤ የጠየቀኝም የለም። ሰናይት ቅዳሜና እሑድም ሥራ ስለምትገባ ክለብ አይቶ የመምረጡ ጣጣ ለእኔ ተሰጠ። ያገኘቻቸው ሦስት ናቸው፤ አንዱ ቡራዩ፣ አንዱ ሱሉልታ፣ አንዱ ለቤታችን ቅርብ ሰበታ። «ሦስቱንም እዩ፤ ናርዶስ የወደደችው ይሆናል» አለችኝ። የሰበታውን ለመጨረሻ ተውኩት፤ ቅርብ ስለሆነ የትም አይሄድም ብዬ።

ቡራዩ

ቅዳሜ ጠዋት ከዓለም ገና ተነሳን። አየር ጤና ላይ ወርደን ሌላ ሚኒባስ፣ አስኮ ላይ ደግሞ ሌላ። ወረፋው ረጅም ነበር። ረዳቱ «ልጅቷን ይቀፏት፣ ሰው ይቀመጥ» አለኝ፤ ጉልበቴ እስኪደነዝዝ ይዣት ሄድኩ። ቡራዩ ከዋናው አስፋልት በባጃጅ ኮብሉን ወጣን፤ የዘነበው ዝናብ አፈሩን ድንጋዩ ላይ አውርዶት ባጃጁ ሁለት ጊዜ ተንሸራተተ።

በሩ ላይ በትልቁ «ጅምናስቲክ» ተብሎ ተጽፏል። ገባን። መስታወት ፊት የቆሙ ጎረምሶች ብረት ያነሳሉ።

«ማዘር፣ ለቦርጭ ነው?» አለኝ አንዱ።

«ጅምናስቲክ ፈልጌ ነው።»

«እኮ! ጅም ውስጥ ነዎት።»

«ለልጅቷ ነው።»

ናርዶስን ከላይ እስከ ታች አያት። «ይቺማ ብረቱ ራሱ ያነሳታል» ሲል ሁሉም ሳቁ። ናርዶስ ነጠላዬ ውስጥ ገባች። እኛ አገር ሰው ቤት ውስጥ ዘግቶ የሚያልብበት ሁሉ ጅምናስቲክ ነው። ይህን ሳናጣራ ግማሽ ቀን ፈጀን።

ሱሉልታ

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በአዲሱ ገበያ በኩል ዳገቱን ወጥተን ወደ ሱሉልታ ስንወርድ ብርዱ በረታ። ባሕር ዛፉ ሲያልቅ ሜዳው ይመጣል፤ ውሃ የተኛበት ሣር፣ የድርቆሽ ክምር፣ አጥር ብቻ ያለው ቤት ያልተሠራበት ቦታ። መንገድ ዳር የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ገዛሁ። ሳንጨርሰው በረደ።

ክለቡ የድሮ የድርቆሽ መጋዘን ነው። ፍራሽ የሚሉት ድርቆሽ ተጠቅጥቆበት የተሰፋ ሸራ ነው። አሰልጣኟ ጫልቱ የምትባል ወጣት ናት።

«አከም ጅርቱ፣ እማማ» ብላ ሁለት እጇን ሰጠችኝ፤ ወንበርም ራሷ አመጣችልኝ።

የአንድ ልጅ ጀርባ ላይ መዳፏን አድርጋ ቀስ እያለች ወደ ታች ትገፋዋለች። ልጁ ብዙም ድምፅ ሳያወጣ «ገኤ» አለ። ወዲያው እጇን አነሳች።

«ምን አለሽ?» አልኳት።

«በቃ ማለቱ ነው። ገኤ በኦሮምኛ ደረሰም ማለት ነው። ልጁ ገኤ ካለ ለዛሬ የሚደርስበት ደርሷል።»

«ሰንፎ ቢልሽስ?»

«ሰነፍ ልጅ በዚህ ብርድ እዚህ ምን ይሠራል እማማ?»

ላመሰግናት ነበር፤ አላመሰገንኳትም። ሰው ቶሎ አላምንም። ናርዶስ ግን ስትገለባበጥ ድርቆሹ አንገቷን በላት። «እምዬ፣ ያሳክካል፤ ደግሞ ይሸታል» አለችኝ። ቤት እስክንደርስ አከከች።

ሰበታ

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በባጃጅ ሄድን፤ ከጅማ በኩል የሚመጡት የጭነት መኪኖች ጭስ ፊታችን ላይ ነበር። ክለቡ አዲስ ፎቅ ላይ ነው። ሰማያዊ ምንጣፍ፣ መዝለያ፣ የሚራመዱበት የሚዛን ግንድ፣ ግድግዳው ሙሉ ሜዳሊያ። ናርዶስ ሳልነግራት ጫማዋን አወለቀች። እናቶች በፕላስቲክ ወንበር ተደርድረዋል።

ከጥግ አንዲት ልጅ «በቃ!» አለች።

ልጆቹ በአንድ ድምፅ «በቃ ላለ፣ አሥር ይጨመር!» ብለው ዘፈኑ። እናቶቹ ሳቁ። ፊቱን ከማየቴ በፊት ማን እንደሆነ አወቅኩ።

ታምራት ፀጉሩ ነጥቷል፤ ፊሽካው እንደ ድሮው አንገቱ ላይ ነው። ጎንበስ ብሎ የናርዶስን ወገብ ዳሰሰ።

«እናቴ፣ ይቺ ልጅ ወገቧ ቅቤ ነው።»

«እናቷንም እንዲሁ ብለው ነበር።»

«እናቷ ማን ናት?»

«ሰናይት።»

አሰበ። «ስንት ሰናይት አሠልጥኛለሁ መሰለዎት!» ብሎ ሳቀ።

ከዚህ በኋላ አንቱታውን ተውኩት። «ጀርባዋ ላይ የተቀመጥክባት ናት። ዛሬ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አታስርም።»

ሳቁ ቆመ። «የዚያን ጊዜ ስፖርት እንደዚያ ነበር፣ እናቴ» አለ።

«የዛሬውስ?»

ከኋላው ልጆቹ እየቆጠሩ ነበር፤ ሰባት፣ ስምንት። የናርዶስን እጅ ይዤ ወጣሁ። ደረጃውን እስክንጨርስ ጮኸች፤ ጫማዋን ያደረግኩላት ከታች፣ መንገድ ላይ ነው።

ዓለም ገና፣ ቤት

ማታ ለሰናይት ነገርኳት። ትደነግጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን መኝታዋ ላይ ወገቧን በትራስ አስደግፋ «ክለቡ የእሱ መሆኑን አውቃለሁ» አለች።

«አውቀሽ ነው የላክሽኝ?»

«እማዬ፣ በሕይወቴ ሰው ያጨበጨበልኝ እዚያ ብቻ ነው።»

ይህን ሁሉ ዓመት ቂሙን ለሁለታችን የያዝኩት መስሎኝ ነበር።

ልጁን ወደ ክለብ የሚወስድ ሰው ከእኔ መንገድ የሚያገኘው ይህን ነው፦ ምንጣፉን አትዩ፣ ሜዳሊያውን አትቁጠሩ። ልጅ «በቃ» እስኪል ጠብቁና የአሰልጣኙን እጅ ተመልከቱ።

በሳምንቱ እሑድ ብቻዬን ሰበታ ተመለስኩ። የሰናይትን የወገብ ራጅ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይዤ ለተቀመጡት እናቶች አንድ በአንድ አሳየሁ። ሁለቱ ልጆቻቸውን ይዘው ወረዱ። የቀሩት ተቀመጡ። ናርዶስን ሱሉልታ አስመዘገብኳት። ሰናይት አልከለከለችኝም፤ አላመሰገነችኝምም። ቅዳሜ ቅዳሜ የማመላልሳት እኔ ነኝ። ናርዶስ መንገድ ላይ አታናግረኝም።