ሩጫው እስኪያልቅ

እርጥብ ኖራ ሲሸተኝ እግሬ ይደነዝዛል። ባለፈው ሳምንት ጠዳ ላይ የምሠራበትን ጤና ጣቢያ አጥር ኖራ ሲቀቡት፣ መርፌ በእጄ እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። ታካሚዋ፣ «ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? ያኔ የጎንደር ስታዲየም የመሮጫ መስመር በኖራ ነበር የሚሰመረው።

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ፤ ከሳንጃ መጥቼ፣ ቤት ተከራይቼ ነበር የምማረው። የታሪክ መምህራችን የስታዲየሙም ድምፅ ነበሩ። ቅዳሜና እሁድ ማይክ ይዘው ውድድር ያስተላልፋሉ፤ ልጅ የጠፋበትም፣ የማኪና ቁልፍ የወደቀበትም ወደ እሳቸው ነው የሚሮጠው። ክፍል ውስጥም ያው ናቸው። የነገሥታቱን ጦርነት እንደ ኳስ ጨዋታ ነበር የሚያስተምሩን፤ «ፈረሰኛው በቀኝ በኩል ገባ፣ ገባ፣ ገባ... ወይኔ!» ይሉና ጠመኔውን ይሰብሩታል። ስታዲየም ደግሞ በእረፍት ሰዓት ስለ ግንቡ አሠራር ሲጀምሩ፣ ሕዝቡ «ኧረ ቲቸር፣ ስለ ኳሱ ይንገሩን!» እያለ ይስቅባቸዋል። እወዳቸው ነበር። ምን ልዋሽሽ፣ እንደ አባት ነበር የምወዳቸው።

የትምህርት ቤቶች ውድድር ደረሰ። የእኔ ሩጫ፣ ሺህ አምስት መቶ ሜትሩ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ግድም እኔ ከሜዳው ማዶ ከጓደኞቼ ጋር እየሳቅሁ እግሬን ሳፍታታ፣ አጎቴ ሰሊጥ በጫነ ማኪና ከሳንጃ ደረሰ። ለካ እናቴ ሌሊቱን ዐርፋለች። ቀብሯ ዘጠኝ ሰዓት ነው። መንገዱ ያኔ ጠጠር ስለነበር ሦስት ሰዓት ይፈጃል። አጎቴ በቀጥታ ወደ መምህሩ ሄደና፣ «መምህር፣ ልጅቱን ይጥሩልኝ፤ እናቷ ዐርፋለች» አላቸው።

ማይኩን በእጃቸው ሸፈኑት አሉ። «አያ፣ መርዶ በሩጫ ሜዳ አይነገርም። ትሩጥ። ነገ ማለዳ ሽማግሌም፣ ቄስም ባለበት በወጉ እንነግራታለን።» አጎቴ ለቀብሩ መድረስ አለበት፤ ከመምህር ጋር ደግሞ ምን ብሎ ይከራከራል? «እንግዲህ ለእርስዎ ትቻታለሁ» ብሎ ተመለሰ። ይህን ሁሉ ኋላ የነገረኝ እሱ ነው።

ሮጥሁ። «ከሳንጃ የመጣችው! እዩልኝ ይችን ልጅ!» የሚለው ድምፃቸው ከየአቅጣጫው ይመጣ ነበር። እንደዚያን ቀን ሲጮሁ ሰምቼ አላውቅም። ስንተኛ የወጣሁ ይመስልሻል? ሦስተኛ። የእናቴን ቀብር በሦስተኛ ደረጃ ለወጡብኝ። እሳቸው ግን አንደኛ የወጣሁ ይመስል፣ ስሜን ከነአባቴ ደጋግመው ጠሩት።

ማታ ቤታቸው ወሰዱኝ። ባለቤታቸው በሞቀ ውኃ እግሬን አጠቡኝ፤ ስለ ሩጫው መስሎኝ እኔ ሞኟ ኮራሁ። ጎሕ ሲቀድ ስነቃ ቄሱና ጎረቤቶቻቸው አልጋዬ ዙሪያ ቆመዋል።

«እናትሽ ዐርፋለች» አሉኝ ቄሱ።

«መቼ?»

«ትናንት።»

«ቀብሩስ?»

መምህሩ መሬት መሬት አዩ። «አልቅሺ ልጄ፣ ይወጣልሻል» ይሉኛል ሴቶቹ። ከየት ላምጣው? የሰው መርዶ የሰማሁ ይመስል ፍዝዝ ብዬ ተቀመጥሁ። ሳንጃ ስደርስም የመቃብሩን አፈር አየሁት እንጂ አላለቀስሁም። ሰው «ልበ ድንጋይ» አለኝ፣ ይበል። ከዚያ ወዲህ መምህሩን ሰላም ብያቸው አላውቅም። ትምህርታቸውን ከኋላ ወንበር ሆኜ ጨረስሁ፣ ከተማ ውስጥ ሳያቸው መንገድ እቀይራለሁ፣ እንዲሁ ዓመታት ሄዱ።

ዛሬ በሥራዬ «አሁን እንዳትነግሯት» የሚል ቤተሰብ በየጊዜው ይገጥመኛል። እሺ እላለሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

ያ ኖራ የሸተተኝ ዕለት ከሥራ ስወጣ እግሬ ወደ ቤቴ አልሄድ አለኝ። የመምህሩን መታመም ሰምቼ ነበር። ታክሲ ይዤ ቤታቸው ሄድሁ። ደጃፋቸው ላይ ጋቢ ለብሰው የማታ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ከስተዋል። ገና ሳያቸው አወቁኝ።

«ምነው ቆየሽ?» አሉኝ።

ሰላምታም አላስቀደምሁ። «ጋሼ፣ ያን ቀን ለምን አልጠሩኝም?»

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ብጠራሽ ኖሮ ትደርሺ ነበር። አውቃለሁ። ግን ከማዶ ስትስቂ አየሁሽ፤ እናት ያለሽ ልጅ ነበርሽ። ጥቂት ልጨምርልሽ ብዬ ነው። አጠፋሁ ልጄ።»

ስንት ዓመት ያጠናሁት ወቀሳ ነበረኝ፤ የት እንደገባ እንጃ። አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«እንግዲያው አሁን ይጥሩኝ» አልኋቸው።

መጀመሪያ የቀለድሁ መሰላቸው። ኋላ ፊቴን አይተው ቀና አሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ከሳንጃ የመጣችው ተማሪ...» ድምፃቸው ተቆረጠ፤ እንደገና ጀመሩት። «ከሳንጃ የመጣችው ተማሪ፣ አጎትሽ በር ላይ ቆመው ይጠብቁሻል። ሩጫውን ተይው። ቶሎ ነይ።»

ተነሥቼ የአጥሩን በር ከፈትሁ። ውጭ ማንም የለም። እዚያው በሩን ይዤ ቆሜ እናቴን አለቀስኋት።