ሳላነበው የፈረምኩት አራተኛ ገጽ

ይህ ነገር የደረሰው ባለፈው ዓመት በጥቅምት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይሄን ግን መርሳት አልሆነልኝም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ስለማውቅ ይመስለኛል። የኔ ነው።

የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው። የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ፤ ለሰፈራችን ቅሬ ደግሞ ጸሐፊ ነኝ። ወሎን ለማያውቅ አንባቢ፣ ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ሬሳ የሚሸከመው እሱ ነው። የኛ ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ያለበት፣ ወደ ሁለት መቶ አርባ ቤት የሚሆን ነው። ጸሐፊ ያደረጉኝ የተማረች ናት ብለው ነው። እኔም፣ ምን ልዋሽ፣ በዚህ ኮራ እል ነበር።

ቀደም ሲል ሞት ሲኖር በየመንገዱ እየዞረ የሚለፍፍ ሰው ነበረን። እርጅና ሲጫነው ቦሩ ሜዳ ካለች ልጁ ጋ ገባና ተተኪ ጠፋ። በዚያው ሰሞን ከኮምቦልቻ አንድ ሽክ ያለ ወጣት መጣ። የአንድ የሶፍትዌር ድርጅት ወኪል ነው። የአባላቱን ስምና ስልክ አንዴ ካስገባን፣ ሞት ሲኖር ከስልኬ ላይ አንድ ቦታ መንካት ብቻ ነው፤ መልዕክቱ ለሁሉም በደቂቃ ይደርሳል አለን። ወርሃዊ ክፍያውም ቀላል ነው። ሽማግሌዎቹ ወደዱት።

ውሉ ስድስት ገጽ ነበር። የቅሬያችን ዳኛ ሼህ ሰይድ «አንቺ እይልን» ብለው ሰጡኝ። ሳምንት ሙሉ ቤቴ ተቀመጠ። ሦስቱን ገጽ በደንብ አነበብኩ። አራተኛው ላይ ፊደሉ ሰሊጥ አከለ፤ አንዱ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ ይዞ ይሄዳል። የማርመው የፈተና ወረቀት ተከምሮ ይጠብቀኛል። ውል መቼም ሁሉም ያው ነው ብዬ አጠፍኩት።

በስብሰባው ቀን ሼህ ሰይድ በሰው ሁሉ ፊት «ልጄ፣ ሁሉንም አንብበሽዋል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ፣ አንብቤዋለሁ» አልኩ።

እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሚን አለ፤ እኔም አሚን አልኩ። ዱዓ ከተደረገ በኋላ የተዘጋን ነገር መልሶ መክፈት በኛ ዘንድ ነውር ነው። ወኪሉ እስክሪብቶ አቀበለኝና ፈረምኩ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለት ቀብር ነበረን፤ ሁለቱም ላይ ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሌሎች ቅሬዎች እየመጡ አሠራራችንን ይጠይቁኝ ጀመር፣ እኔም እንደ አዋቂ አስረዳ ነበር። አንድ ቅር የሚል ነገር ብቻ ነበር። አባላቱ ስልክ ላይ የማያውቁት ማስታወቂያ መግባት ጀመረ። አንድ ቀን ሼህ ሰይድ ስልካቸውን ይዘው መጥተው «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ፈልገው ነው?» አሉኝ። ቦርጭ በሁለት ሳምንት እናጠፋለን ይላል። ሼህ ሰይድ ደግሞ ሲበዛ ቀጭን ናቸው። ስቀን ተውነው።

እንግዲህ በጥቅምት፣ አንድ ሐሙስ ማለዳ፣ ጋሽ እንድሪስ ሞቱ። ጋሽ እንድሪስ ልብስ ሰፊ ነበሩ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ዝምተኛ ሰው። ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘይነብ ልጅ አልወለዱም። ሁለቱም ከሌላ አገር የመጡ ናቸውና ደሴ ላይ ዘመድ የላቸውም፤ ያላቸው ቅሬው ነው። የጎረቤታቸው ልጅ ደውላ ነገረችኝ። ቀብሩ ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት፣ በኋላ እንዲሆን ተባለ። መልዕክቱን ጽፌ ላክሁት። «ተልኳል» አለኝ። ለራሴ ስልክ አለመድረሱን ልብ አላልኩም። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ አስተምሬ፣ አስፈቅጄ ወደ ለቅሶው ሄድኩ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ ግቢው ጭር ብሏል። ድንኳን አልተተከለም። መቃብር የሚቆፍሩት ተረኞች አልመጡም። አጥር ሥር ዘጠኝ ወይ አሥር ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። እትዬ ዘይነብ ከሬሳው አጠገብ ተቀምጠዋል። አያለቅሱም። እንዳዩኝ እጄን ያዙና ቀስ ብለው «ጽጌዋ፣ ምን አጠፋን?» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። ቅሬ ጥፋተኛ ያለውን ሰው ያገልላል፤ ያገለለውን ሰው ቀብር ማንም አይወጣም። ከዚህ የከፋ ቅጣት በኛ አገር የለም። እትዬ ዘይነብ ሰፈሩ በባላቸው ላይ ፈርዶ የቀረ መስሏቸዋል።

«አብሽሩ እንጂ እትዬ፣ አይዞዎት፣ ይመጣሉ» አልኩና ወጣሁ።

አጥር ሥር የቆሙትን አንድ በአንድ አየኋቸው። ባለወፍጮው ሀሰን፣ ሁሴን፣ ሀዋ፣ ሉባባ፣ ሁለቱ መሐመዶች፣ ጡረተኛው አቶ መኮንን። እኔ ጠዋት ጠዋት ስም ስጠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ክፍል ገብቼ፣ መዝገብ ከፍቼ፣ «መ» ላይ ያቆምኩ መሰለኝ። ስም ዝርዝሩን በፊደል ተራ ያስገባሁት እኔው ነኝ። ከ«መ» ወዲያ ያለ አንድም ሰው የለም። ሼህ ሰይድ እንኳ የሉም።

ስልኬን አወጣሁ። «ተልኳል» ከሚለው በታች በደቃቅ ፊደል ሌላ መስመር አለ። ጥቅላችሁ የሚፈቅደው ለሃምሳ ሰው ብቻ ነው፣ ለቀሪው ለመላክ ጥቅሉን አሳድጉ ይላል።

ለሼህ ሰይድ ደወልኩ። «ኢንና ሊላሂ፣ ምን ትያለሽ?» ብለው ዘጉብኝ፤ እየተነሡ ነው። ሀዋንና አቶ መኮንንን «የምታውቁትን ሰው ሁሉ ደውሉ» አልኳቸው። ግን ወደ ሁለት መቶ ቤት በሁለት ስልክ እስኪዳረስ ዙህር ያልፋል። የማደርገው ጠፍቶኝ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ።

በዚያ ሰዓት አንድ ባጃጅ ሰኞ ገበያ ወደሚባለው ሰፈር ሲሄድ አየሁ። ብርድ ልብስ ጭኖ የሚሸጥ ነው፤ ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ አስሯል። መሐል መንገድ ገብቼ አስቆምኩት። ሰውየው ጎልማሳ ነው፣ ሳውቀው አላውቅም። ነገሩን እየተርበተበትኩ ነገርኩት። ገበያው የሚደምቅበት ሰዓት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እንቢ ቢለኝ አልፈርድበትም ነበር።

ማስታወቂያውን አጠፋና ማይኩን አነሣ። «የሟቹን ስም ንገሪኝ። አንቺ ከኋላ ግቢና መንገድ አሳይኝ» አለኝ።

ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጬ ሆጤን አዞርኩት። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ልብስ ሰፊው እንድሪስ ወደ አኼራ ሄደዋል፤ ቀብር ዛሬ ነው!» ይላል። አንድ ሁለት ጊዜ በልማድ «ዛሬ ብቻ!» ብሎ ጀምሮ ራሱን ያዘ። ሴቶች ነጠላቸውን እየጎተቱ ከየበሩ ወጡ። ወንዶች ሱቃቸውን ዘጉ። አንዲት ሴት «እንዴት እስካሁን ሳንሰማ!» ብላ ተቆጣችኝ።

ስንመለስ ግቢው ሞልቶ መንገዱ ላይ ፈሷል። አካፋና ዶማ የያዙት ወደ መቃብሩ ሄደዋል። ለዙህር ግን አልተደረሰም፤ ጋሽ እንድሪስ የተቀበሩት ወደ ማምሻው ከሚሰገደው ከአስር ሶላት በኋላ ነው። ባለባጃጁ ገንዘብ ስሰጠው «ሰው ለሞተበት?» ብሎ እጄን መለሰውና እሱም ወደ ቀብሩ ተከተለ። ስሙን ሳልጠይቀው ቀረሁ።

ቅዳሜ ዕለት ውሉን ይዤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ሄድኩ። ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ። ወኪሉ በአክብሮት ተቀበለኝ፣ ውኃ አቀረበልኝ። የመጣሁት ልጣላው ነበር። እሱ ግን ውሉን ከእጄ ወስዶ አራተኛውን ገጽ ገለጠና «ቲቸር፣ ሁሉም እኮ እዚህ አለ» አለኝ።

ያን ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት እዚያ ወንበር ላይ ነው። ድርጅቱ የአገልግሎቱን መጠን በፈለገ ጊዜ ይቀንሳል፤ ማሳወቂያውን ድረ ገጹ ላይ ካወጣው እንደደረሰን ይቆጠራል። የአባላቱን ስልክ ለአጋሮቹ መስጠት ይችላል፤ የሼህ ሰይድ ቦርጭ ከዚህ ነው የመጣው። ለሚደርስብን ጉዳት ኃላፊነቱ ከአንድ ወር ክፍያ አያልፍም። ብንካሰስ ክርክሩ አዲስ አበባ ነው፤ አማርኛውና እንግሊዝኛው ከተለያዩ የሚጸናው እንግሊዝኛው ነው። ዓመቱ ከማለቁ ስልሳ ቀን በፊት እንቢ ብለን ካልጻፍን ውሉ በራሱ ለሌላ ዓመት ይቀጥላል። ከወጣን ደግሞ ዝርዝራችንን በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልወሰድን ይጠፋል። አንዱም አልተደበቀም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለኔ ነው።

ወኪሉ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ወደኔ ጠጋ ብሎ «የማቋረጫውን ደብዳቤ ዛሬውኑ ይላኩ፤ የስልሳው ቀን ገደብ ሊያልፍ ጥቂት ነው የቀረዎት» አለኝ። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ጻፍኩት።

በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ ተነሥቼ ቆምኩ። «አንብቤዋለሁ ያልኳችሁ ውሸት ነው፤ ያነበብኩት ሦስት ገጽ ነው» አልኩ። ሼህ ሰይድ በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት ቀጡኝ። ከእንግዲህ ማንኛውም ወረቀት ጮክ ተብሎ እስከ መጨረሻው ይነበብ፣ ዱዓው ከዚያ በኋላ ይሁን ብለውም ወሰኑ። እትዬ ዘይነብ እግር ላይ ልወድቅ ስል አነሡኝና «አፉ ብያለሁ፣ ተነሽ» አሉኝ፤ ይቅር ብያለሁ ማለታቸው ነው። አሁን የሰፈሩ ሰው ወረቀት ባየ ቁጥር «አራተኛውን ገጽ ለጽጌ ስጧት» እያለ ይቀልድብኛል። እኔም እስቃለሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ከወር በኋላ እትዬ ዘይነብን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ብቻቸውን ናቸው። ስንጨዋወት ቆይተን ድንገት ወደኔ ዞሩ።

«አንቺንማ አፉ ብያለሁ» አሉኝ። «ያን ዕለት ሰው ሲቀር እኮ፣ እንድሪስ እኔ ሳልሰማ ምን ሠርቶ ይሆን እል ነበር። የሰው ገንዘብ በልቶ ይሆን? የሰው ሚስት ነክቶ ይሆን? ሠላሳ ዓመት ክፉ ሳይናገረኝ የኖረን ሰው፣ ሬሳው አጠገቤ ተኝቶ ስጠረጥረው አረፈድኩ። አንቺ መጥተሽ አፉ በይኝ አልሽኝ። እኔ እሱን የት ሄጄ ልበለው?»

እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ። ቅሬው ቀጥቶኛል፣ እሳቸውም ይቅር ብለውኛል። እኔ ግን እስከ ዛሬ በደጃቸው ሳልፍ አፍራለሁ።