የድሬዳዋ ዘጠኝ ሰዓት

ሰኞ፣ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት፤ አዲስ አበባ

አውቶቡሱ ሳይነጋ ተነሳ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት የመመለሻ ትኬት አለ። የእናቴ ትእዛዝ አጭር ነው፦ «ወንድምሽን ይዘሽው ነይ።» ታናሼ ሙሉጌታ ድሬዳዋ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ጫት ሥራውንም ትዳሩንም አሳጣው። አሁን ከተወ ሁለት ወር ሆኖታል አሉ፤ ጴንጤም ሆኗል አሉ። እናቴን ይበልጥ ያስለቀሳት የትኛው እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

እኩለ ቀን፤ ከጭሮ ወዲያ

ግራና ቀኙ ጫት ነው። ሻጮች እስሩን በመስኮት ያቀብላሉ። ሾፌራችን ጉንጩን ወጥሮ፣ «ያለዚህ የደንገጎን ቁልቁለት ማን ይወርዳል?» ይለኛል። ለምን እንደምሄድ ስነግረው ሳቀ።

«ጫት የተወ ሰው ድሬ ምን ያደርጋል? እሳትና ጭድ እኮ ነው። ይዘሽው ውጪ።»

እኔም የማስበው ይህንኑ ነበር።

አሥር ሰዓት ተኩል፤ ድሬዳዋ

ሙሉጌታ መናኸሪያ አልመጣም። «ከሰዓት አልችልም፣ አንቺ ቸርች ነይ» ብሎኛል። ተቀይሜ በባጃጅ ደቻቱን ተሻገርኩ። ወንዙ አሸዋ ብቻ ነው።

ቸርቹ ቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ጩኸትና እልልታ ጠብቄ ነበር፤ የሰማሁት መጋዝ ነው። ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች የተማሪ ዴስክ ይሠራሉ። ወንድሜ ሰጋቱራ እንደለበሰ አቀፈኝ። ወፍሯል። አለቀስኩ።

ፓስተሩ መላጊያውን አስቀምጦ አጫወተኝ።

«መጀመሪያ ለማለዳ ጸሎት ነበር የምንጠራቸው። ይመጣሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይመሰክራሉ። ከሰዓት ግን በርጫ ላይ ጫት ይቅማሉ። አጋንንቱ ጸንቶ ነው ብለን ጸሎቱን ወደ ሌሊት አሥር ሰዓት ገፋነው። አንድ ቀን ድልድዩ ጋ ጫት የምትሸጠው ሀሊማ አስቆመችኝ። ‹አቦ አንተ፣ የምታድናቸው ጠዋት ነው፤ እኔ የምሸጠው ከሰዓት ነው› አለችኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አፈርኩ። በሩን ስምንት ሰዓት ላይ መክፈት ጀመርን። ሀራራው ሲመጣ እጃቸው ሥራ ይይዛል። የሀሊማም ልጅ እዚሁ ነው።»

ልጇን አሳየኝ። አዛን ሲሰማ ሚስማሩን ከአፉ አውጥቶ ግቢው ጥግ ሊሰግድ ወጣ። ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

ማክሰኞ፤ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር

ምሳ ጋበዝኩት። ዛፍ ጥላ ስር ተቀምጠን ስለ አዲስ አበባ፣ ስለ እናታችን፣ እዚያ ስለማፈላልግለት ሥራ አወራሁ። ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ። «ቁጭ በል እንጂ፣ እህትህ በስንት ጊዜዋ መጣች» አልኩት። እንግዳ ነኝና እሺ ብሎ ቆየ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ማዛጋት ጀመረ። አፉ ደረቀ፣ ግንባሩ ላበ። ድንገት ተነስቶ ወጣ። ጥፋቴ ያኔ ነው የገባኝ። እየሮጥኩ ተከተልኩት።

ድልድዩ ጋ ሀሊማ ፊት ቆሟል። ጫቱ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኗል። እጇን ጆንያው ላይ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ሙሌ፣ ዛሬ ዘገየህ።»

«እህቴ መጥታ ነው።»

«እሷ ናት?» ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ፣ በዚህ ሰዓት ይዘሽው ትቀመጫለሽ እንዴ?»

ሙሉጌታ እጁን ዘረጋ። «ትንሽ ብቻ፣ ሀሊማ።»

«ወላሂ ለአንተ አልሸጥም። አንተ ዛሬ በርጫ ከተቀመጥክ ነገ ልጄ አጠገብህ ይቀመጣል። ሂድ፣ እየጠበቀህ ነው።»

ባጃጅ ጠርታ እስኪገባ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ጆንያውን ገልጣ ለሚቀጥለው ደንበኛ ሸጠች።

በእግሬ እስከ ቸርቹ ሄድኩ። በበሩ ሳይ ወንድሜ መላጊያ ይዞ ጎንበስ ብሏል፤ የሀሊማ ልጅ የጣውላውን ሌላ ጫፍ ይዞለታል። አልገባሁም። አዲስ አበባ ብወስደው በዘጠኝ ሰዓት ማን ይጠብቀው ነበር?

ረቡዕ፤ አዳማን ስናልፍ

አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነው። አንዲት መንገደኛ «ሰው አለው?» ብላ ተቀመጠችበት። እናቴ ደወለች።

«አጠገብሽ ነው?»

«የለም እማዬ። እዚያ ይሻለዋል።»

«ድምፁን ልስማው። አሁን ልደውልለት።»

ሰዓቴን አየሁ፤ ዘጠኝ ሆኗል።

«አሁን አትደውዪ፣ ሥራ ላይ ነው» አልኳት። «ሲመሽ ደውዪለት።»